ሄ ዘነበ

«ድገሚው። በናትሽ አንዴ ድገሚው» አለች ማሪካ። ከሳቋ ብዛት ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ሺኖ ስልኳን ጨብጣ አመነታች፤ ከዚያ ነካችው። የአያቷ ሻካራ ድምፅ ረጋ ብሎ ወጣ። «ያን ቀን ጠዋት ሄ ዘነበ። እስከ ማታ ሄ ዘነበ። ጣሪያው ላይ ሄ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሄ፣ ሩዛችን ላይ ሄ። አፋችንን ከፍተን ማውራት አልቻልንም፤ ሄ ይገባል።»

ማሪካ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኛ ደሴት «ሄ» ማለት አመድ ነው። እሳተ ገሞራው ተራራችን ሳኩራጂማ ሳያስነጥስ የሚውልበት ሳምንት ጥቂት ነው። ባስነጠሰ ቁጥር አመዱ ይወርዳል፣ እኛም «ዛሬ ደግሞ ሄ ዘነበ» ብለን መጥረጊያ እናነሳለን። ማሪካ በመጣችበት በቶኪዮ አነጋገር ግን «ሄ» ማለት ፈስ ነው። እስቲ አስቡት፤ አንድ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ በተከበረ ድምፅ «እስከ ማታ ፈስ ዘነበ፣ ሩዛችን ላይ ፈስ» ሲሉ። ያስቃል፣ አይካድም። የሌላ ሰው አያት ቢሆኑ ሺኖም ትስቅ ነበር።

«ቆይ ግን ምን ሆነው ነው?» አለች ማሪካ ዓይኗን እየጠረገች። «ስለ እሳተ ገሞራ አልነበር እንዴ የጠየቅሻቸው?»

መናገር የነበረባት ያኔ ነው። «በኛ ሄ ማለት አመድ ነው» ብትል ያልቅ ነበር። ሺኖ ግን «በኛ» የምትለዋን ቃል ማውጣት አቃታት።

«ተያቸው ባክሽ፣ ጃጅተዋል» አለች እየሳቀች። «የሚሉትንም አያውቁ።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ልትመልሰው ፈለገች። ማሪካ ግን ሳቋን ወዲያው ገታ አድርጋ ክንዷን ያዘቻት። «ውይ፣ አሳዘኑኝ» አለች ከልቧ። ክንዷን ስለያዘቻት ሺኖ ደስ አላት። ደስ በማለቷ ደግሞ አፈረች።

ማሪካ ሚያዝያ ላይ ነው ከቶኪዮ የመጣችው፣ አባቷ ከደሴታችን ማዶ ወዳለው ካጎሺማ ከተማ ሲዛወሩ። ክፍሉ በሙሉ ጓደኛዋ ለመሆን ሲጋፋ፣ በዕጣ ለሺኖ ደረሰቻት። ዕጣው የሳይንስ መምህርቷ የሳኮዳ ሥራ ነበር፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሁለት አደጋዎችን አነጻጽሩ፣ የትኛው በእውነት እንደሚቀርበን አስረዱ፣ የአንድ ትልቅ ሰው ድምፅም ቅረጹ አሉ። ሥራው የሚቀርበው ቅዳሜ ነው፤ ቤተሰብ መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ በሚያይበት ቀን። የሺኖ እናት ቅዳሜ ከሥራ ስለማትቀር የሚመጡት አያቷ ናቸው። ገና ድሮ፣ ይሄ ሁሉ ሳይመጣ፣ ራሷ ነች የጋበዘቻቸው።

ሁለቱ አስትሮይድ የሚባለውን የጠፈር ድንጋይና እሳተ ገሞራን መረጡ፤ ማሪካ ለሰማይ ነገር ሟች ናት። ለግድግዳው ካርቶን ላይ ምድርን የሚመታ አስትሮይድ በቀይና በብርቱካን ቀለም አሳምራ ስለሳለች፣ እሳተ ገሞራው ታች ጥግ ላይ የመዳፍ ያህል ቦታ ነው የደረሰው። «ዳይኖሰሮችን የጨረሰ እኮ ነው» ትላለች። «እሳተ ገሞራማ በየቀኑ አለ፣ ማን ይደነግጣል?»

ሺኖ ቤተ መጻሕፍት ገብታ አንብባለች። አንድ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ድንጋይ ምድርን የሚመታው በግምት በግማሽ ሚሊዮን ዓመት አንዴ ነው። የእነዚያን ትልልቆቹን አብዛኞቹን ደግሞ በቴሌስኮፕ አግኝተዋቸው መንገዳቸውን ይከታተላሉ። የዓለምን አየር የሚያዛባ ትልቅ ፍንዳታ ግን በሚቀጥለው መቶ ዓመት ውስጥ የመምጣቱ ዕድል ከስድስት አንድ ነው የሚሉ አጥኚዎች አሉ፤ የትኛው ተራራ እንደሚሆን ደግሞ የሚያውቅ የለም። ድንጋዩን ገፍቶ መንገዱን ለማሳት የሚሞክር ይኖራል፤ ተራራ አይገፋም። ይህንን ሁሉ በትንሽ ወረቀት ጽፋ፣ ደብተሯ ውስጥ አጥፋ ከታው ቀረች። ማሪካ ፊት ቆሞ «የኛ ተራራ ይብሳል» ማለት የፋራ ነገር መስሎ ታያት።

ፋራ መባልን እንደ ሺኖ የሚፈራ ሰው የለም። ተራራው ድንጋይ ስለሚወረውር ደሴታችን ላይ ተማሪ ያለ ሄልሜት ከቤት አይወጣም፤ ሕፃንም ቢሆን። ሺኖ ነጩን ሄልሜቷን አድርጋ እስከ ወደቡ ትሄዳለች፣ አሥራ አምስት ደቂቃ በፌሪው ጀልባ ትሻገራለች፣ ከተማው ጋ ስትወርድ ግን ሄልሜቱን በሰማያዊ የጨርቅ ከረጢት ከታ ወደቡ ላይ ካለው የዕቃ ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከክፍሏ ልጆች አንድም ሰው አላየውም። ጎበዝ ነኝ ብላ ታስብ ነበር።

ረቡዕ ከትምህርት ስትመለስ ገና ከመታጠፊያው የአያቷን ድምፅ ሰማች። አያቷ ጀንኪቺ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥተው አመድ ይጠርጋሉ። ከታች ቢጫዎቹ የአመድ ከረጢቶች ተደርድረዋል። ሽማግሌው እየጠረጉ ብቻቸውን ያወራሉ።

«ሃይ። ዛሬ ሃይ ዘነበ። ሃይ፣ ሃይ።»

ሺኖ አጥሩ ጥግ ቆመች። «ሃይ» ከተሜው አመድን የሚጠራበት ቃል ነው። በዚሁ አፍ «አዎ» ማለትም ያው «ሃይ» ነው። አያቷ በሕይወታቸው አመድን «ሃይ» ብለው ሲጠሩ ሰምታቸው አታውቅም።

ጎረቤታቸው እትዬ ፉሚ ጎመናቸውን እያጠቡ ቀና አሉ። «አንቱ ጀንኪቺ፣ ከማን ጋር ነው እዚያ ላይ አዎ፣ አዎ የሚባባሉት?»

«ከተራራው ጋር» አሉ አያቷ። «ምን ላድርግ፣ እምቢ ብለው አይሰማኝ።»

እትዬ ፉሚ ሳቁ። ሺኖ አልሳቀችም። አያቷ አይተዋት ቀስ ብለው በመሰላሉ ወረዱና ከመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ቅንድባቸው አመድ ብቻ ሆኗል።

«ምን እያሉ ነበር አባባ?» አለች ሺኖ፣ እያወቀች።

«ለቅዳሜ እየተለማመድኩ ነዋ። የከተማ ሰው መሃል ነው የምቀመጠው። ድንገት የሚያናግረኝ ቢኖር ብዬ።»

«ምን ያስፈልጋል? እንደሁልጊዜው አያወሩም?»

አያቷ ጓንታቸውን አወለቁ። «በአሥራ አምስት ዓመቴ ኦሳካ ለፋብሪካ ሥራ መሄዴን ታውቂያለሽ። ባቡር ሙሉ ልጆች ነበርን። የመጀመሪያው ቀን፣ ምሳ ላይ፣ አለቃው አገርህ ምን ይመስላል አለኝ። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ተነስቼ ቆምኩና፣ በኛ አገር ሄ ይዘንባል አልኩ።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «ያ ሁሉ ሰው ማንኪያውን ጥሎ ሳቀ። ለምን እንደሚስቁ ሲነግሩኝ እኮ እኔም ሳቅሁ። ግን ስሜ እዚያው ቀረ። ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ፈሱ› ነበር የምባለው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማውራት ተውኩ። የሚያዙኝን ‹ሃይ› እያልኩ ብቻ ሦስት ዓመት ሠራሁ። ሌላ ቃል ካልወጣሽ ማን ይስቅብሻል?» ጓንቱን ጉልበታቸው ላይ አራገፉት። «አንቺን ደግሞ በኔ ምክንያት እንዳይስቁብሽ ነው። ለመሆኑ ያቺ የቶኪዮዋ ልጅ ድምፄን ሰማችው?»

«ሰማችው።»

«ሳቀች?»

ሺኖ ቢጫዎቹን ከረጢቶች አየች። «አልሳቀችም። እንዲያውም ወደደችው።»

«እንግዲያው ጨዋ ልጅ ናት» አሉ አያቷ ደስ ብሏቸው፣ ጓንታቸውንም መልሰው አጠለቁ።

ሺኖ ወደ ቤት ገባች፤ በዚያ ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ውሸቷን ቆጠረች፤ እሳቸውን ጃጅተዋል ስትል አንድ፣ አሁን ደግሞ ሁለት። ራት ላይ አያቷ «ምን ሆነሻል? ዓሣው አልጣመሽም?» አሏት፤ ሆዴን አሞኛል አለች። ሦስት።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ማሪካ የሺኖን ስልክ ተቀብላ ድምፁን ለአምስት ልጆች አጫወተችው። ሺኖን ሳታስፈቅድ ነው የተቀበለቻት፤ ጓደኛሞች ሆነዋል ማለት ነው። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። «ኧረ ሙድ አትያዙባቸው፣ ጃጅተው እኮ ነው፣ የሚሉትን አያውቁም» አለች ማሪካ ለማስረዳት፣ ከሺኖ የሰማችውን ቃል በቃል። ከሳቁት አንዱ ቴፔይ ነበር። የቴፔይ አያት ከኛው ደሴት የሄዱ ናቸው፤ «ሄ» ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። እሱም ሳቀ፣ ግን ምሳ ዕቃው ውስጥ አቀርቅሮ። ሺኖ አየችው፤ እሱም እንዳየችው አወቀ።

«አንድ ሐሳብ መጣልኝ» አለች ማሪካ። «ቅዳሜ በዚህ ድምፅ እንጀምር። ሰው ሁሉ ይስቅና ይነቃቃል፣ ከዚያ ወደ አስትሮይዱ እንገባለን። እሺ?»

ሺኖ ቅዳሜ ከኋላ የሚቀመጡት እኚሁ ሰው መሆናቸውን መናገር ነበረባት። አፏን ከፈተች።

«ሃይ» አለች። እሺ ማለቷ ነው። ቃሉን ከአፏ ስትሰማው የማን ቃል እንደሆነ ታወቃትና ምሳዋን መጨረስ አልቻለችም።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ተራራው አስነጠሰ። መንገዱ ግራጫ ሆኗል፤ ከአመድ ለመከላከል የተሠራው የመቃብሮቹ ጣሪያ ሳይቀር ግራጫ ነው። አያቷ ከጣሪያው አራት ከረጢት ጠርገው፣ ያለቻቸውን አንዲት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጫማቸውን በየአሥር እርምጃው በጨርቅ እየወለወሉ፣ ከሺኖ ጎን ወደ ወደቡ ወረዱ። ፌሪው ላይ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። አያቷ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ድምፅ የለውም። ሺኖ ግን ምን እንደሚሉ አውቃለች።

ከተማው ወደብ ሲደርሱ አያቷ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው ሰማያዊውን የጨርቅ ከረጢት አወጡ።

«ረስተሽው ወጣሽ» አሏት። «ሄልሜትሽን የምትደብቂበትን።»

ሺኖ ፊቷ ጋለ፤ ጆሮዋ ድረስ። «ያውቁ ነበር?»

«ወደቡ ላይ የሚሠራው ሂዴኖሪ ነግሮኛል፣ ቆይቷል። ምን አለበት? እኔም ኦሳካ ስገባ ብዙ ነገር ደብቄያለሁ።» ከረጢቱን እጇ ላይ አኖሩላት። «ነይ አውልቂው፣ ፀጉርሽን ላስተካክልልሽ። እኔ ደግሞ ከፈለግሽ ከኋላሽ ራቅ ብዬ እመጣለሁ። ከማን ጋር እንደመጣሽ ማንም አያውቅም።»

ቢቆጧት ይሻል ነበር።  ሺኖ ከረጢቱን ለአራት አጥፋ ኪሷ ከተተችው። የሄልሜቷን ማሰሪያ አገጯ ሥር አጠበቀችና የአያቷን ክንድ ያዘች። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ እንዲያ ነው የሄዱት፣ በትልቁ መንገድ፣ ጎን ለጎን። ሁለት የክፍሏ ልጆች በብስክሌት አልፈዋቸው ዞረው አዩአት። ሺኖ አንገቷን ልትደፋ ፈለገች፤ የጠበቀው ማሰሪያ አገጯን ያዛትና መድፋቱን ተወችው።

አያቷን የቤተሰብ ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ማሪካ ካርቶኑን ይዛ እየጠበቀቻት ነበር።

«ምንድን ነው ጭንቅላትሽ ላይ ያለው?»

«ሄልሜት ነው። እኛ ሠፈር ሁሉም ያደርገዋል።» ሺኖ አውልቃ በእጇ ያዘችው። «ማሪካ፣ ድምፁን አናጫውተውም።»

«ለምን? ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል እኮ።»

«አያቴ አልጃጁም። ከኔና ካንቺ ይበልጥ ያውቃሉ። ‹ሄ› በኛ አመድ ማለት ነው። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።» ወደ ክፍሉ በአገጯ አመለከተች። «ያውና፣ ከኋላ ተቀምጠዋል። ኮት የለበሱት።»

ማሪካ በበሩ መስታወት አየች። ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ አዲስ ተማሪ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ታዲያ ለምን አብረሽኝ ሳቅሽ?» አለች።

«ሼም ይዞኝ።»

«በሳቸው?»

«በሁሉ ነገር። አላውቅም።»

«እኔ እኮ ለሰው ሁሉ ጃጅተዋል ብዬ አወራሁ» አለች ማሪካ።  «በኔ አፍ ነው ያሰደብሻቸው። አሁን እኔ እንዴት ፊታቸውን አያለሁ?»

ሺኖ ይሄንን አላሰበችውም ነበር።  ይቅርታ የሚለው ቃል ትንሽ ሆነባት፣ ቢሆንም አለችው።  ማሪካ ካርቶኑን አንስታ ወደ ክፍሉ ገባች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ብቻ ዞር ሳትል «አንቺው ጀምሪ እንግዲህ» አለች።

ክፍሉ ሙሉ ነበር። ወላጆች ከኋላ፣ ተማሪዎች ከፊት፣ መምህርት ሳኮዳ ጥግ ላይ ደብተራቸውን ከፍተው። ማሪካ ካርቶኑን ሰሌዳው ላይ አጣበቀችና ወለል ወለሉን እያየች ጎኑ ቆመች። አምስቱ ልጆች ድምፁ እስኪመጣ እየተጠቃቀሱ ይጠብቃሉ።

ሺኖ ደብተሯ ውስጥ ያጠፈቻትን ወረቀት አወጣች።

«መቀመጫ ለመምረጥ ዕጣ እናወጣለን አይደል» ብላ ጀመረች። ድምፅዋ ቀጭን ሆነባት። «ስድስት ወረቀት ጠቅልሉ። አንዱ ላይ ‹ትልቅ ፍንዳታ› ብላችሁ ጻፉ። የሚቀጥለው መቶ ዓመት የእሳተ ገሞራ ዕጣ ይህን ያህል ነው ይላሉ አጥኚዎች። ለትልቁ አስትሮይድ ደግሞ አምስት ሺህ ወረቀት ጠቅልላችሁ አንዱ ላይ ብቻ ነው የምትጽፉት። ካርቶናችን ላይ አስትሮይዱን ትልቅ ያደረግነው ስለሚያምር ነው። የተሳሳትነው እሱ ላይ ነው፤ ለማሪካ ልነግራት ይገባኝ ነበር።»

ማሪካ ቀና አለች። መምህርት ሳኮዳ እስክሪብቷቸውን አቆሙ።

«የጠየቅኋቸው ትልቅ ሰው አያቴ ናቸው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ‹ከሰማይ ድንጋይ ይወድቃል ብለው ይፈራሉ ወይ?› ስላቸው፣ ‹እስከ ዛሬ ከሰማይ የወደቀብኝ ድንጋይ ሁሉ ከዚያ ተራራ የመጣ ነው› አሉኝ።»

ወላጆቹ ወደውት ሳቁ። አያቷ ግን አልሳቁም። ስማቸው በተነሳ ጊዜ ወንበራቸው ላይ ይበልጥ ቀና ብለው፣ ከንፈራቸው እንደገና መንቀሳቀስ ጀምሯል። የሚጠይቃቸው ሰው ቢኖር ብለው ነው።

ሺኖ ወረቀቷን አየች። የሚቀጥለው መስመር ላይ፣ በራሷ እጅ፣ በጥሩ የከተማ አፍ፣ «ሃይ ዘነበ» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ጊዜ ብቻ ማንበብ ነው፤ ማንም አይስቅም፣ ያልቃል።

ወረቀቱን አጠፈችው።

«ዛሬ ጠዋት እኛ ሠፈር» አለች፣ «ሄ ዘነበ።»

ከአምስቱ ልጆች አራቱ ሲጠብቁት የነበረው መጣላቸውና ፈነዱ። ሳቁ ወደ ሌሎቹም ተዛመተ። ሺኖ ጉንጮቿ ነደዱ። ፊት ለፊት ቴፔይ አፉን በመዳፉ ይዞ፣ ሳይስቅ፣ ያያታል። ከኋላ የአያቷ ከንፈር ቆሟል።

ሺኖ ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች። ሲያልቅ እሳቸውን እያየች እንደገና «ሄ» አለች። «እኛ ጋ አመድ የሚባለው እንዲህ ነው። ጣሪያችን ላይ አራት ከረጢት ሆነ።»